መጀመሪያ ከሥሩ ግቡ

ያገለገለ የጉዞ ካምፐር፣ ማለትም ከላዩ መኖሪያ ቤት የተጫነበት መኪና፣ ከውጭ ላስመጣ ስነሳ ልቤን የወሰደው ወጥ ቤቱ ነው። ሻጩ የላከልኝ ፎቶ በሙሉ የውስጡ ነበር፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ በጥሩ እንጨት የተሠራው ቁም ሳጥን። ከሥር የተነሳ አንድም ፎቶ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ኡኒሞግ የሚባለው ጠንካራ የመርሴዲስ ጭነት መኪና መሆኑ ብቻ በቂ መስሎኝ ነበር።

መኪናው ደርሶ ከሥሩ ስገባ ሻንሲው በአዲስ ጥቁር ቀለም አብረቅርቋል። በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ጫን ሳደርገው ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሳና ከሥሩ ቡናማ ዱቄት ረገፈ። በጣም ነው የከፋኝ። የበሰበሰውን ቆርጦ ለመበየድ ቤቱ በሙሉ ከላዩ መውረድ ነበረበት።

ዝገቱ ብቻም አይደለም። የእነዚህ መኪኖች ሻንሲ ወጣ ገባ መንገድ ላይ ይጠማዘዛል፤ የተሠራውም እንዲጠማዘዝ ነው። ከላይ የተጫነው ቤት ግን አይጠማዘዝም። ስለዚህ ጎበዝ ሠሪ ቤቱን በሦስት ወይም በአራት ነጥብ ላይ፣ እንዲወዛወዝ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ዝም ብሎ በብሎን ጠፍሮት ከሆነ ወይ ሻንሲው ይሰነጠቃል፣ ወይ የቤቱ ማዕዘን ይከፈትና ውሃ ይገባል። ስንጥቁ መጀመሪያ የፀጉር ያህል ቀጭን ነው፤ ብሎኑ አጠገብ ዝገት ያቀለመው መስመር ካያችሁ እሱ ነው።

ወረቀቱንም ገንዘብ ሳትልኩ እዩት። አሜሪካ የራሷን የደህንነት ደረጃ ጠብቆ ያልተሠራ መኪና ያለ ብዙ ጣጣ የምታስገባው 25 ዓመት ሲሞላው ነው፣ ካናዳ ደግሞ 15። አሜሪካ የምትቆጥረው ከተመረተበት ወር ጀምሮ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የተመዘገበበት ቀን ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ሊለያዩ ይችላሉ። ጭነት መኪና ይላል ወይስ የመኖሪያ መኪና የሚለውንም አጣሩ፤ ቀረጡ በዚህ ሊለያይ ይችላል።

ማጓጓዙን በተመለከተ፣ ወደ 2.5 ሜትር የሚሰፋ መኪና ተራ ኮንቴይነር ውስጥ አይገባም። እየተነዳ በሚገባበት መርከብ ነው የሚሄደው። ሂሳቡ ብዙውን ጊዜ በኪዩቢክ ሜትር ስለሆነ ከኋላ የተንጠለጠለ መለዋወጫ ጎማ እንኳ ዋጋ ይጨምራል። ቁልፉ ከመኪናው ጋር ይሄዳል፤ ከጋቢና ወደ ቤቱ የሚያስገባ በር ካለ በደንብ ቆልፉት፣ ዋጋ ያለው ነገርም አትተዉ። የጋዝ ሲሊንደሩን አስቀድማችሁ ባዶ አድርጉ። ወደ አውስትራሊያ ወይም ኒውዚላንድ ከሆነ ደግሞ ጎማው ሥር የቀረች ጭቃ እንኳ መኪናውን ታስይዛለች።

አሁን ሻጭ ሳናግር የምጠይቀው አንድ ቪዲዮ ነው። ሳይቋረጥ የተቀረጸ፣ ከፊት እስከ ኋላ ከሥሩ፣ ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ እየመታ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የበሰበሰው ግን ድፍን ይላል። ሻጩ እምቢ ካለ ወጥ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር እተወዋለሁ።