የገጠሩ አንደኛ ክፍል

በጥር 2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ለፈተና ከተቀመጡት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ፣ ከ1,100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ እንዳላሳለፉ ሰማን። ድንጋጤው ተገቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተካሄደው ክርክር ግን ከፈተናው ግቢ አልወጣም፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠቱ ተገቢ ነው አይደለም፣ ኩረጃ ቀርቷል አልቀረም፣ ያላለፉት የሪሜዲያል (የማካካሻ) ትምህርት ይሰጣቸው አይሰጣቸው እየተባለ ቆይቶ፣ በ2017 ዓ.ም ውጤቱ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ሲል ደግሞ መሻሻሉ በቂ ነው አይደለም ወደሚለው ተሻገርን። እኔ ክርክሩን የምንጀምረው ከተሳሳተው ጫፍ ነው ባይ ነኝ።

በ2014 ዓ.ም 12ኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ክፍል ሳይደግም ከመጣ፣ አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ዓ.ም ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002 ዓ.ም፣ በስድስት የሀገሪቱ ቋንቋዎች የሚማሩ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ ተለክቶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እንግዲህ በ2015 ዓ.ም ዱብ ዕዳ የሆነብን ነገር ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ በወረቀት ሰፍሮ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ የፈተናው ዜና በየቤቱ መግባቱ፣ የንባብ ልኬቱ ደግሞ በየቢሮው መደርደሪያ መቅረቱ ነው።

የገጠር አንደኛ ክፍል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው በዚያ ልኬት አይገረምም። ደንቡ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይላል፤ መስከረም ላይ ከዚያ በላይ የሚመዘገብበት ቦታ ብዙ ነው። የሰባት ዓመት ልጅና ከብት ጥበቃ ላይ ቆይቶ በአሥር ዓመቱ የመጣ ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ምዝገባው በመምህራን የቤት ለቤት ቅስቀሳ እስከ ጥቅምት ስለሚጓተት፣ ትምህርቱ ደኅና ሲያዝ ኅዳር ገብቶ አጨዳው ይደርሳል፤ በአጨዳና በገበያ ቀን የክፍሉ ግማሽ ባዶ ነው። ጸጥታ የዘጋቸውን ትምህርት ቤቶች ነገር ለብቻው መጻፍ ስለሚገባ እዚህ አላነሣውም፤ ሰላም ባለበት ወረዳ ያለው ሁኔታ ይህ ነው።

በዚህ ክፍል ውስጥ ፊደል የሚቆጠረው በዜማ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በማመልከቻ እየነካ ያወርዳል፣ ልጆቹ ተቀብለው ያስተጋባሉ፤ በር ላይ ቆሞ ለሚያዳምጥ ጎብኚ ደስ የሚል ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይደናቀፍ የሚያወርደውን ልጅ ለብቻው ጠርቶ ከመካከል «ሙ»ን ወይም «ጌ»ን ብቻ ነጥሎ ማሳየት ነው፤ ብዙው ዝም ይላል፣ ወይም ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥቶ በልቡ እየቆጠረ እስኪደርስበት ይዘገያል። ልጁ ያጠናው ቅደም ተከተሉን እንጂ ፊደሉን አይደለም።

ይህንን አደጋ የቄስ ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ሀሁን የጨረሰ ልጅ ወደ አቡጊዳ የሚዛወረው ለዚሁ ነው፤ በአቡጊዳ የፊደሉ ተራ ሆን ተብሎ ስለሚፈርስ፣ አፉን በለመደው ዜማ የሚመራው ልጅ ይጋለጣል፣ ዓይኑን በፊደሉ ላይ ለማሳረፍም ይገደዳል። በዚያ ላይ የኔታ ልጆቹን በጅምላ ሳይሆን አንድ በአንድ ያስቀጽላሉ፣ ጊዜ ባይበቃቸውም የቀደመው ልጅ ተከታዩን ያስጠናል። በዱላው ላይ የምመኘው ነገር የለኝም፤ ሆኖም ፍሬ ያለውን ይህን ዘዴ ዘመናዊው ትምህርት ቤት «ኋላ ቀር» ብሎ ትቶ፣ ከዚያው ትምህርት ቤት ደካማውን ክፍል፣ የጅምላ ዜማውን፣ ብቻ ይዞ መቅረቱ ያስቆጨኛል።

ፊደሉን ያልለየው ልጅ ታዲያ ወደ ቀጣዩ ክፍል ይቀጥላል። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለው ነፃ ዝውውር፣ ማለትም ማንም ሳይወድቅ ወደ ቀጣዩ ክፍል ማለፉ፣ የታሰበው ሕፃናት በፈተና ተማርረው እንዳያቋርጡ ነበር፤ ሐሳቡም በራሱ ክፉ አይደለም። ዝውውሩ አብሮት ሊሄድ ይገባው የነበረው ተከታታይ ምዘናና ለዘገዩት የሚሰጠው ድጋፍ ግን በብዙ ቦታ በሮስተር (በውጤት መዝገብ) ላይ ከሚሞላ ነጥብ አላለፈም። አራተኛ ክፍል ሲደርስ የየትምህርቱን መጽሐፍ ሲሰጡት፣ ትምህርቱ ሁሉ ልጁ ማንበብ ይችላል በሚል ግምት የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በመገልበጥ ያሳልፈዋል። ከሰሌዳ ወደ ደብተር በሚያምር እጅ ጽሑፍ የሚገለብጥ፣ የገለበጠውን አንብብ ሲባል ግን የሚያፍር ተማሪ በገጠር መምህራን ዘንድ የተለመደ ወሬ ነው።

የመምህር ምደባው ነገሩን ያባብሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይዞ ስለሚያስተምር ሸክሙ ከባድ ነው፣ ክብሩ ግን አነስተኛ ነው። አዲስ የተቀጠረ፣ ወይም ሌላ ክፍል ላይ አልሆነም የተባለ መምህር ወደ አንደኛ ክፍል ይላካል፤ ጎበዙ ስምንተኛ ክፍልን ይይዛል፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ በወረዳው ፊት የሚመዘነው በክልላዊው ፈተና ነው። ጎበዙ ደግሞ በክረምት እየተማረ ዲግሪውን ሲይዝ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወይም ወደ ከተማ ይዛወራል። ይህን መምህር አልወቅሰውም፤ ሥርዓቱ ዕድገትን የሠራው ከሕፃናት በመራቅ ነው።

ገንዘብ የለም የሚባለው እውነት ነው። ወረዳው ከክልሉ ከሚደርሰው በጀት ከፍተኛው ድርሻ ለደመወዝ ይውላል፤ ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍ ማጓጓዣና ለመማሪያ ክፍል ጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር የተሰጠው ድጎማ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ደግፏል፤ በቅርብ ዓመታትም «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ ኅብረተሰቡ ክፍሎችን ገንብቷል። የጭቃ ግድግዳ በብሎኬት መተካቱ መልካም ነው፤ ሆኖም አዲሱ ክፍል ውስጥ ያው ዜማ ከቀጠለ ንባብ አይመጣም።

ሱፐርቫይዘሩ ከጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ከሚደገፉበት ማዕከል፣ ሲመጣ የሚያየው ዕቅድ፣ ቃለ ጉባኤና በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ነው። በዚያ ጉብኝት ላይ አንድ ነገር ቢጨመር ብዬ አስባለሁ፦ ከሁለተኛ ክፍል በዕጣ የተመረጡ ጥቂት ልጆች ለብቻቸው ተጠርተው አይተውት የማያውቁትን አጭር ጽሑፍ ያንብቡ፣ ለአንድ ልጅ የሚፈጀው ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ስንቱ እንዳነበበም በወላጅ፣ በተማሪና በመምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ ይነገር። ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ከክፍሉ ያነበቡት ልጆች ቁጥር ይበቃል። ወላጁ ራሱ ፊደል ባይቆጥርም፣ ልጁ ከተቀመጠበት ክፍል አንባቢ ስንት እንደሆነ ሲነገረው ይገባዋል፣ ይጠይቃልም። ይህ የወረዳውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጎበዙን መምህር አንደኛ ክፍል ላይ መመደብ ግን ርዕሰ መምህሩ ነሐሴ ላይ የክፍል ድልድል ሲያወጣ በራሱ ሥልጣን ሊያደርገው የሚችለው ስለሆነ፣ ከዚያ ቢጀመር እመርጣለሁ።