ማኒላና ካላምባ፦ የሪዛልን ወረቀቶች ተከትሎ

ኢንትራሙሮስን፣ በግንብ የታጠረችውን አሮጌ ማኒላ፣ ፀሐይ ሳይበረታ መጀመር ይሻላል። በፎርት ሳንቲያጎ በር ገብቼ በቀጥታ ያመራሁት የስፔንን ቅኝ አገዛዝ በልቦለዶቹ የተቸው ፊሊፒናዊ ደራሲ ሆሴ ሪዛል ከመገደሉ በፊት ወደታሰረበት ሕንፃ ነው። የመጨረሻ ግጥሙ 14 አንጓ አለው፤ ርእስም ፊርማም የለውም። ወረቀቱን አጣጥፎ በአልኮል በምትነድ ትንሽ ማንደጃ ውስጥ ሸሸገና ለእህቱ ለትሪኒዳድ ሰጣት። ውስጡ አንድ ነገር እንዳለ የነገራትም ጠባቂዎቹ እንዳይሰሙት በእንግሊዝኛ ነበር። የእጅ ጽሑፉ ዛሬ ያለው በካላው ጎዳና፣ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ከምሽጉ የነሐስ የእግር ዱካዎች ወደ ሉኔታ መናፈሻ አቅጣጫ ይመራሉ፤ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ብዙ ጎብኚ እዚያ ባለው የሪዛል ሐውልት ሥር ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ሐውልቱ ግን አጽሙ ያረፈበት እንጂ ዲሴምበር 30 ቀን 1896 (እ.ኤ.አ.) የተረሸነበት ቦታ አይደለም፤ ያ ትንሽ ራቅ ብሎ ይገኛል። በዚሁ ሜዳ በ1872 ጎሜስ፣ ቡርጎስና ሳሞራ የተባሉ ሦስት ቄሶች ጋሮት በተባለ የማነቂያ መሣሪያ ተገድለዋል። ሪዛል ሁለተኛ ልቦለዱን መታሰቢያ ያደረገው ለእነሱ ነው።

ኢሉስትራዶዎቹ፣ ማለትም እንደ ሪዛል ያሉ የዘመኑ የተማሩ ፊሊፒናውያን፣ የሀብታም ልጆች ነበሩ ይባላል። የመጽሐፎቻቸውን ታሪክ ላየ ግን ትልቁ ራስ ምታታቸው የማተሚያ ቤት ሒሳብ ነው። የሪዛል የመጀመሪያ ልቦለድ «ኖሊ ሜ ታንጌሬ» በ1887 በርሊን ላይ 2000 ቅጂ የታተመው ወዳጁ ማክሲሞ ቪዮላ ባበደረው 300 ፔሶ ነው። ወጪ ለመቀነስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ወጥቷል። ሁለተኛው፣ «ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ»፣ በ1891 ቤልጂየም፣ ጌንት ከተማ ሲታተም ገንዘቡ መሐል ላይ አልቆ ሥራው ቆመ፤ ወዳጁ ቫለንቲን ቬንቱራ ከፓሪስ ባይልክለት አይወጣም ነበር። ታትሞም ችግሩ አላለቀም፦ መጽሐፎቹ የተከለከሉ ስለነበሩ በሆንግ ኮንግ በኩል በድብቅ ነው የሚገቡት።

«ላ ሶሊዳሪዳድ» የተባለው የኢሉስትራዶዎቹ ጋዜጣም እንዲሁ የገንዘብ ችግር ነበረበት። በፌብሩዋሪ 1889 ባርሴሎና ላይ በግራሲያኖ ሎፔስ ሃኤና አዘጋጅነት ተጀመረ፤ ከዚያ ማርሴሎ ዴል ፒላር ተረክቦ ማድሪድ ወሰደው። በየ15 ቀኑ እየወጣ እስከ ኖቬምበር 1895 ዘለቀ። ሁለቱም አዘጋጆች በ1896 ባርሴሎና ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። በጋዜጣው የጠየቁት ከስፔን ነፃ መውጣት አልነበረም፤ በስፔን ፓርላማ መቀመጫ፣ በሕግ ፊት እኩልነትና የመነኮሳቱን ሥልጣን መግታት ነበር። ዛሬ ሲያነቡት ለዘብ ያለ ይመስላል። መነኩሴው ቆሞስም፣ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪም፣ የሰው ጠባይ መስካሪም በሆነበት አገር ግን ይህን መጠየቅ ለስደት ይበቃል።

በማግስቱ ከማኒላ፣ ከቡየንዲያ ጎዳና፣ ወደ ላጉና ክፍለ ሀገር የሚሄድ አውቶቡስ ይዤ ሪዛል ወደተወለደባት ካላምባ ወረድኩ። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ መኪና ሲጨናነቅ ግን ግማሽ ቀን ይበላል። አረንጓዴ የተቀባው የሪዛል ቤት በ1950 እንደገና የተሠራ ነው፤ ይህን ሳያውቁ የሚገቡ አሉ። እኔ ቤቱን ከማየት ይልቅ የመሬቱን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ። መሬቱ የዶሚኒካን መነኮሳት ነበር፤ ገበሬው በኪራይ ያርሳል። ኪራዩ ላይ ክርክር ተነሥቶ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሪዛልን ቤተሰብ ጨምሮ ብዙዎች ተፈናቀሉ። በ«ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ» ካቤሳንግ ታሌስ የሚባለው ገበሬ መሬቱን በመነኮሳት የሚነጠቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ በ10ኛው ምዕራፍ ደራሲው ትረካውን አቋርጦ የካላምባን ሰዎች በቀጥታ ያናግራቸዋል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቢያንስ እሱን ምዕራፍ አንብቦ ይሂድ፤ ሰኞ ግን አይሂድ፣ ሙዚየሙ ዝግ ነው።