ጋውን የሌላት እህቴ

ባለፈው እሑድ እናቴ ቤት ቡና ላይ ትንሽ ተጋጨን። ታናሽ እህቴ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር አካባቢ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆና ሥራ አገኘች። ሥራው በሺፍት ነው፣ ሌሊትም አለው። ገና ነግራን ሳትጨርስ ታላቅ ወንድሜ «ሴት ልጅ ሌሊት አትሠራም» አለ። እማዬ ዝም ብላ ቡናውን ትቀዳለች።

እኔ እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። ነርስ ነኝ። በግል ሕክምና ቤት ዘጠኝ ዓመት ሌሊት ገብቻለሁ።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺማ ሲስተር ነሽ!»

ይቺ መልስ ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም። እውነት አላትና። ጋውን ለብሶ መንገድ ላይ መውጣት ጥሩ እንዳልሆነ፣ ጀርም ይዞ እንደሚሄድ፣ ለልምምድ የሚመጡትን ተማሪዎች ራሴ እነግራቸዋለሁ። ማታ ከሳቢያን ሠፈር ስወጣ ግን እለብሰዋለሁ። ባጃጁ «ሲስተር፣ ግቢ» ብሎ ያነሳኛል። በሩ ድረስ ያደርሰኛል። ጋውኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የወጣሁ ቀን ደግሞ መኪና አጠገቤ ቀስ ይላል፣ መስታወት ይወርዳል። መንገዱም ሰዓቱም ያው ነው። ሴትዮዋም ያችው ነች። እህቴ ጋውን የላትም፤ ወንድሜን ያስፈራው ይሄ ይመስለኛል።

አብራኝ የምታድረው የጽዳት ሠራተኛም የላትም። እኔ የረገጥኩትን ደም የምትጠርገው እሷ ናት። ሲስተር የሚላት ግን የለም። ሥራዋ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ያልቃል፤ ለባጃጅ የሚጠየቀው ስለሚከብዳት አግዳሚ ወንበር ላይ ካርቶን አንጥፋ እስኪነጋ ትጠብቃለች።

ወንድሜ «ፈረንጆቹ ራሳቸው ከልክለው ነበር» ብሎ ተከራከረኝ። አልተሳሳተም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 እንደተቋቋመ ካወጣቸው ስምምነቶች አንዱ ሴቶች ፋብሪካ ውስጥ ሌሊት እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። በ1948 ሲሻሻል በጤና ሥራ ላይ ያሉ ሴቶችን ከክልከላው አወጣቸው፤ የጉልበት ሥራ የማይሠሩ ከሆነ ብቻ። ሲስተር ትግባ፣ የምትጠርገው ትቅር ማለት ነው። በ1990 ነው ሐሳቡ የተቀየረው፤ ወንድ ሴት ሳይለይ ሌሊት የሚሠራውን ሰው የሚጠብቅ ስምምነት የወጣው ያኔ ነው።

ደግሞስ ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። የጅቡቲ መስመር ላይ ይሠራል። የቀኑን ሐሩር ሽሽት በደወሌ በኩል ሌሊት ሲነዳ ያድራል። አንድም ቀን «ወንድ ልጅ ሌሊት?» ያለው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 የሌሊት ሥራን ለካንሰር ሊያጋልጡ ይችላሉ ከሚባሉት ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። በ2019 እንደገና ሲያየው የጡት ካንሰርንም የፕሮስቴት ካንሰርንም አንስቷል። ስለዚህ የምፈራው ለእህቴ ብቻ አይደለም፣ ለእሱም ነው።

ስለ ሌሊት ሥራ ሲወራ ሁሉም ሌሊቱን ያወራል። እኔን የጎዳኝ ቀኑ ነው። ድሬ ላይ፣ ግንቦት ወር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተኝታችሁ ታውቃላችሁ? አንሶላ ውኃ ውስጥ ነክሬ መስኮቱ ላይ እሰቅላለሁ። ሳይቆይ ይደርቃል። ቬንትሌተሩ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ እንቅልፌም አብሮት ይቆማል። የጎረቤት ልጆች ኳስ በራችን ላይ ይመታሉ፤ የእነሱ ቀን ነው፣ ምን ይባላሉ? 6 ሰዓት ሲሆን የዙህር አዛን ይሰማል፣ ቀጥሎ ልጄ «እማ ተነሺ» ትላለች። ከተማው ሁሉ ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ሲያርፍ እኔ ድስት ጥጃለሁ። እህቴን ቁጭ አድርጌ የነገርኳት ይሄንን ነው። ሌሊት ሠርተሽ ቀን የቤቱ ሥራ የሚጠብቅሽ ከሆነ ሰውነትሽ አይችለውም።

ሌላም ነገርኳት። ልጄን ያረገዝኩት በእኛ አቆጣጠር በ2013 ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። ትርፍ ሰዓትም አይፈቅድም። ይሄንን ይዤ ኃላፊዬ ጋ ስገባ «ሰው የለንም፣ ትንሽ ቻይው» ተባልኩ። እስከ ሰባተኛ ወር ቻልኩት። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኝ በነጠላ ጫማ የገባሁባቸው ሌሊቶች አሉ። በጽሑፍ አልጠየቅኩም፣ በጽሑፍም አልመለሱልኝም። ዛሬም ይቆጨኛል። እህቴን «ማንኛውንም ነገር በወረቀት ጠይቂ» ያልኳት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ሺፍት ደግሞ ሰው የሚፈራው አይደለም። ሙሉ ሌሊት የምታድር ሴት በጊዜ ትገባለች፣ በፀሐይ ትወጣለች። የሚያስፈራው ከሰዓት ገብቶ ከሌሊቱ 5 ሰዓት የሚለቀው ነው። ሰርቪስ ከሌለ ያቺ ሴት በር ላይ ብቻዋን ትቆማለች። ድሬ ማታ ሞቅ ያለች ናት፤ መጋላ ላይ ጫት የሚሸጡት፣ ሳምቡሳ የሚጠብሱት እናቶች አምሽተው ይሠራሉ። እነሱ ግን ጎን ለጎን ናቸው፣ ይተያያሉ። ዋናው መንገድ አልቆ ወደ ሠፈር የሚገባው ውስጥ ውስጡ ላይ ነው ጨለማው።

እህቴ ማክሰኞ ሄዳ ስለ ሰርቪስ ጠየቀቻቸው። የለም አሏት። «እንግዲያው 5 ሰዓት ላይ የሚለቀውን አልገባም፣ አዳሪውን ስጡኝ» አለች። ተስማሙ፣ በጽሑፍም ሰጧት። ወንድሜ ይሄን ስትነግረው ምንም አላለም። በማግስቱ ጭነት ይዞ ወጣ።

ትናንት የመጀመሪያ ሌሊቷ ነበር። እኔም ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ፤ ወንድሜ ነው፣ የሞተሩ ድምፅ ከኋላ ይሰማል።

«ደውለሽላታል? እኔ ስደውል ቢዚ ነው።»

«እማዬ ናት የያዘቻት» አልኩት።