ቆጠራ የሌለበት ድምፅ (ግላሩስ፣ ስዊዘርላንድ)

አብሮ አደጌ ግላሩስ ነው የሚኖረው፣ ከዙሪክ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። "እሁድ የማሳይህ ነገር አለ" ሲለኝ ተራራ መስሎኝ ነበር (ተራራውማ ከየትም ይታያል፣ ከተማዋን ከላይዋ ቆሞ ነው የሚያያት)፣ ጠዋት ስንወጣ ግን ሰዉ ልጁን እየጎተተ ወደ አንድ ሜዳ ይጎርፋል። ላንድስገማይንደ ይሉታል። በየአመቱ ሜይ የመጀመሪያው እሁድ የካንቶኑ (እንደ ክልል በሉት) ህዝብ ሜዳ ወጥቶ ህግና የታክስ መጠን ያፀድቃል፣ ፓርላማ የላቸውም እንዳትሉ፣ አላቸው።

ድምፅ ያላቸው ካርዳቸውን ይዘው ክቡ የእንጨት መቆሚያ ውስጥ ገቡ፣ ህፃናቱ መሀል ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ እኔና ጓደኛዬ ከውጪ ቀረን። እሱ ስንት አመት እዛው ታክስ እየከፈለ ዜግነት ስለሌለው ከኔ ከቱሪስቱ እኩል ነው!

ማንም ዜጋ ወጥቶ ይሄ አንቀፅ ይቀየር ማለት ይችላል። በፈረንጆቹ 2006 ላይ የካንቶኑ መንግስት 25ቱን ማዘጋጃ ቤቶች ወደ 10 ልጠቅልል ብሎ ሲመጣ አንድ ተራ ሰው ተነስቶ 3 ይሁኑ አለ፣ ሜዳው ካርዱን አነሳለት፣ በአመቱ ይቀልበስ ተብሎ ድጋሚ ቢጠራም ህዝቡ አፀናው፣ ከ2011 ጀምሮ 3 ናቸው።

እኔን የገረመኝ ግን ቆጠራው ነው፣ ማለት ቆጠራ የለም። ሰብሳቢው ላንድአማን ሰይፍ ተደግፎ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ካርዱ ሲነሳ ግራ ቀኝ አይቶ ይሄኛው በዝቷል ይላል፣ አለቀ። ካጠራጠረው የመንግስት ባልደረቦቹን ያማክራል እንጂ ይግባኝ የለም።

"ቢያዳላስ?" አልኩት።

"ሁሉም ሰው እያየው?"

እሱስ ልክ ነው፣ ግን እኛ ቀበሌ ስብሰባ እጅ ስናወጣ የሚታየው ያላወጣው ነበር። እዚህም አለቃህ ጎንህ ቆሞ ካርድህን ያያል፣ ይሄ ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ምሳ የቀኑ ምግብ ነው ተብሎ የጥጃ ቋሊማ ከተፈጨ ድንችና ከፕሪም ጋር ቀረበልን፣ ፕሪሙን ምን አመጣው አትበሉኝ። የጓደኛዬ ልጅ በእናቷ ስዊዝ ናት፣ 14 አመቷ ነው፣ ጠዋት መሀል ከህፃናቱ ጋር ነበረች። እዚህ ድምፅ ከ16 አመት ነው፣ እሱንም 2007 እዛው ሜዳ ላይ ነው የወሰኑት። አባትየው ከቋሊማው ግማሹን ቆርጦ ሳህኗ ላይ አደረገላት።

"ከአሁኑ ጉቦ ነው" አለኝ በአማርኛ።

"ሰምቻለሁ" አለች።