የአጋታ ክሪስቲን መጻሕፍት ሳያምታቱ መደርደር

የእንግሊዛዊቷን የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን መጻሕፍት ስትደረድሩ ትልቁ ራስ ምታት አንዱ ልብ ወለድ በእንግሊዝና በአሜሪካ በተለያየ ርዕስ መታተሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው «ሎርድ ኤጅዌር ዳይስ» አሜሪካ ውስጥ «ሰርቲን አት ዲነር» ነው። ስለዚህ ሽፋኑን አትመኑ፤ የቅጂ መብቱን ገጽ ገልጣችሁ የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ርዕስና ዓመት መዝግቡ፣ ሌላውን ርዕስ ከጎኑ ጻፉ። አለዚያ አንዱን መጽሐፍ ሁለቴ ትገዛላችሁ።

አጫጭር ታሪኮቹ ይብሳሉ። በ1939 አሜሪካ ውስጥ በ«ዘ ሬጋታ ሚስትሪ» ከታተሙት አንዳንዶቹ፣ በ1991 እንግሊዝ ውስጥ «ፕሮብሌም አት ፖሌንሳ ቤይ» ላይ ተመልሰው መጥተዋል። አድካሚ ቢሆንም እያንዳንዱን ታሪክ በየርዕሱ መመዝገብ ይሻላል።

በሜሪ ዌስትማኮት የብዕር ስም ያወጣቻቸው ስድስት ልብ ወለዶች ስለ ወንጀል ስላልሆኑ ለብቻቸው ይቀመጡ። «ከርተን» የተባለው ልብ ወለድ የተጻፈው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፤ ግን የዝነኛው መርማሪ ገጸ ባሕሪዋ የፖይሮ የመጨረሻ ታሪክ ስለሆነ በታተመበት በ1975 ላይ አስገቡት።