የእማማ ካርቶን

ዛሬ ጎረቤታችን እማማ አንድ ፌስታል ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዘው መጡ። "ልጄ፣ አልገጥም አለኝ። ዓይኔ ደከመ መሰለኝ" አሉኝ። ከጅማው ሂርማታ ገበያ ልብስ ሰፊዎች ትርፍራፊ ለቃቅመው ለልጅ ልጃቸው አልጋ ልብስ እየሠሩ ነው።

ዓይናቸው አይደለም፤ ካርቶኑ ነው። ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ የሚያወጡበት ካርቶን ጠርዙ በእርሳስና በመቀስ ተበልቷል። በማስመሪያ ለካነው። አንዱ ጎን 5 ሴንቲ፣ ሌላው 4 ሴንቲ ከ8 ሚሊ። 2 ሚሊ ምንም አትመስልም። አስር ቁራጭ ሲደረደር ግን 2 ሴንቲ ትሆናለች!

እህቴ የላከችልኝን ትንሿን የመቁረጫ ማሽን አወጣሁ። ቅርጹን ኮምፒውተር ላይ ሳልኩ፤ ለስፌት ዙሪያውን 6 ሚሊ ጨመርኩ። በካርቶኑ ፈንታ የሚቆረጥ ጠንካራ ላስቲክ ግን የለኝም። እማማ ቤታቸው ሄደው የድሮ የደረት ራጃቸውን ይዘው መጡ።

በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍነው። ጥቁሩ ቀስ እያለ ለቀቀ፤ የጎድን አጥንታቸውም አብሮ ጠፋ። እማማ ጎንበስ ብለው እያዩ "ሳሌም አብሮ ይሂድ" አሉ። ፊልሙ እንደ መስታወት ጠራ። ምላጯ ሁለቴ ዞራ ቆረጠችው።

ጨርቁ ላይ አድርገው ወዲያ ወዲህ አንሸራተቱት። አንዲት ቀይ አበባ ልክ መሀሉ ላይ ስትገባ ፊታቸው በራ። በካርቶኑ ይህን ማየት አይችሉም ነበር።

ይሄን ሁሉ ጊዜ ዓይናቸውን ሲወቅሱ መክረማቸው ከነከነኝ። ስንቱ ባለሙያ ይሆን መሣሪያው አልቆበት በገዛ እጁ የሚያዝን?

ስድስት ቆርጬላቸዋለሁ። አንዱን ለጓደኛቸው ሊሰጡ ነው።