ስንቴ ትንገረን?

ከሰዓት ጀምሮ ባር ባር ይለኛል። የተለየ ነገር ኖሮ አይደለም። ደመናው ከየረር በኩል ወርዶ ኮዬ ፈጬን ሸፍኗታል። መብራት ጠፍቷል። ልጁ ተኝቷል። ከመስኮቴ በታች የእድሩ ልጆች ድንኳን እየነቀሉ ነው፤ ከማዶ ብሎክ ያሉት አባወራ ሠልስታቸው ወጣ። ብረቱ እርስ በርሱ ሲጋጭ እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል።

ይህ እድር ሁሌም ይገርመኛል። እዚህ ስንገባ ማን ማንን ያውቅ ነበር? አንዱ ዕጣ ወጥቶለት፣ አንዱ ከመሃል ከተማ ተነስቶ፣ አንዱ ተከራይቶ። ውኃው በወጉ ሳይገባ፣ መንገዱ ሳይጠረግ እድር ተቋቋመ። ድንኳን ተገዛ፣ ወንበር ተገዛ፣ ትልልቅ ብረት ድስት ተገዛ። ሰው ሲሞትብን የምናደርገውን ጠንቅቀን እናውቃለን። ንፍሮውን ማን እንደሚቀቅል ሳይቀር።

ሳይሞትስ?

እንዲህ ሳስብ ነው የእትዬ ልጆች ትዝ ያሉኝ። ጎረቤታችን የነበሩትን እትዬ ማለቴ ነው።

እትዬ የሞቱት በማህፀን በር ጫፍ ካንሰር ነው። የወር አበባቸው ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም ሲያዩ «ልጅነት ተመለሰ እንዴ?» ብለው ሳቁ አሉ። እሱ የሚሳቅበት ምልክት እንዳልሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ወገባቸውን ሲያማቸው ብርድ ነው ተባለ። ጸበል ገቡ። በዚህ ማንም አይወቅሳቸውም፤ ትልቋ ልጃቸው ዛሬም «ጸበሉንም ተጠመቁ፣ ምርመራውንም ሂዱ» ነው የምትለው። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ግን በሽታው ርቆ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ የቀረው መንገድ ነበር። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። ከጎንደርም ከጂንካም የመጣ እዚያው ነበር የሚሰለፈው። እኛማ የአዲስ አበባ ሰዎች ነን፣ ቅርብ ነን ይባላል። ከኮዬ በቱሉ ዲምቱ፣ በቃሊቲ፣ በሳሪስ አድርጎ መሃል ከተማ መግባት ግን ጤነኛውንም ያደክማል። እትዬ መቀመጥ ሲያቅታቸው ትልቋ ልጅ የሚኒባሱን የኋላ ወንበር ሙሉውን ትከፍልና እዚያ ታስተኛቸው ነበር። ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር በሁለት እጇ ወገባቸውን ደግፋ።

በሰማንያው ወጉ ሁሉ ተደረገ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ባለቤታቸው ጋሼ ልጆቹን ሰበሰቡና «በሬው ይቅር» አሉ። በደብሩ ነዳያን አበሉ። የተረፈውን ገንዘብ ግን ለድግስ አላወጡትም። ሰፈሩ አወራ። «ለሚስታቸው ሰሰቱ» ያለም ነበር። ጋሼ አንድ ቃል አልመለሱም። የሴቶች እድር በሚሰበሰብበት እሁድ ትልቋን ልጅ ይዘው መጡ። እሷ ገባች። እሳቸው ደጅ ቆመው ጠበቋት።

ያን ቀን የተናገረችውን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በሽታውን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው አለች። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ፣ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ የሚያገኘው፣ ብዙውን ጊዜም ሰውነት ራሱ የሚያጠፋው። ሳይጠፋ የቀረው ወደ ካንሰር ለመቀየር በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። የመከላከል አቅሟ በተዳከመ ሴት ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል።

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። 15 ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ እትዬ ጤና ጣቢያ ያልረገጡበት ዓመት አልነበረም። ልጅ አስከትበዋል። የልጅ ልጅ አስከትበዋል። የጋሼን ደም ግፊት አስለክተዋል። የምርመራው ክፍል እዚያው ኮሪደር ላይ ነው። በሩን እያለፉት ነበር የሚሄዱት። ለሁሉም ሄደዋል፣ ለራሳቸው ብቻ አልሄዱም። የእናቶቻችን ነገር እንዲህ ነው፤ እኔ ይሄን እንደ ደግነት መቁጠር ትቻለሁ።

እኔም ተመርምሬያለሁ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለነው ሴቶች ሁላችንም እንድንታይ ነው የሚመከረው፤ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ደግሞ ከዚያም ቀደም ብለው። ነርሷ መጋረጃውን ሳበች። «ትንሽ ይቀዘቅዝሻል፣ እግርሽን ዘና አድርጊው» አለችኝ። አሴቲክ አሲድ፣ ያው ኮምጣጤ ውስጥ ያለው፣ በጥጥ ነክራ የማህፀን በሩን ቀባችው። ጥቂት ጠበቀች። በመብራት አየችው። ጤናማ ያልሆነ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ ከታየም ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ገና ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ቁስለት ነው፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ዕለት በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። ጨርሼ ስወጣ ሰዓቴን አየሁ። ጸጉር ቤት ታጥቦ ለመድረቅ የሚፈጀውን ያህል እንኳ አልቆየሁም።

ታዲያ ለምን አንሄድም? በስብሰባው ላይ የሚነሳውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ወንድ ሐኪም ቢሆንስ? ባሌ ምን ይለኛል? ልጄን ማን ይይዝልኛል? አንዷ ደግሞ «ካለብኝስ ባላውቀው ይሻለኛል» አለች። ሁሉም ዝም አለ። ትልቋ ልጅ ቀና ብላ «እማዬም አላወቀችም ነበር» አለቻት። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

አንድ ሰማያዊ ደብተር አላት። በብሎክ በብሎክ ከፋፍላዋለች። ስም፣ ስልክ፣ ከጎኑ «ሄዳለች»። አንዳንዱ ስም ፊት በቀይ «አብሬያት» የሚል ጽፋለች። ብቻቸውን መሄድ የሚፈሩት ናቸው። አግዳሚው ላይ አብራቸው ተቀምጣ ትጠብቃለች። የሙት ዓመቱ ገንዘብም የሚሄደው እዚህ ነው፤ ለባጃጅ፣ ሪፈር ለተጻፈላት ለሚኒባስ፣ ልጅ ለምትይዝ ጎረቤት። ትልቅ ነገር አይመስልም። ግን እዚህ ዳር ላይ ሴትን ከሕክምና የሚያስቀራት ይሄው ትንሽ የሚመስለው ነው። የጡት ካንሰርን ምልክቶችም ታነሳለች። የማያም እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሆነ ቆዳ። «ስላላመመኝ» ብሎ መቆየት ብዙ ሴት እንደሚያስመሽ አበክራ ነው የምትናገረው።

ትንሿ እህቷ ከጎኗ ሆና ቡና ትቀዳለች። የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ሴት ልጆች በየትምህርት ቤቱ መሰጠት ሲጀምር ተራዋ ደርሶ ነበር። «ክንዴን አመመኝ» ብላ ስትመጣ ሾርባ የሠሩላት እትዬ ናቸው። የምን ክትባት እንደሆነ ጠይቀው «እሰይ፣ ለእናንተስ ደግ ጊዜ መጣ» አሏት። አሁንማ ከ9 ዓመት ጀምሮ ሆኗል።

ማቲዎስ ወንዱን ታውቁታላችሁ፣ የካንሰር ማኅበሩን። ስሙ በሉኪሚያ ያረፈ የአንድ ሕጻን ስም ነው። ወላጆቹ በ1996 ዓ.ም. በስሙ አቋቋሙት። ለዚያ በሽታ እንዲህ እንደኛው ቀድሞ ተመርምሮ የሚደረስበት መንገድ የለም። ልጅ ሲገረጣ፣ ትኩሳት አልለቅ ሲለው፣ ሳይመታ ሲበልዝ ቶሎ መውሰድ ነው ያለው። እነሱ ግን በልጃቸው በሽታ ላይ ብቻ አልቀሩም። ከሩቅ ለሚመጣ ታማሚ ማረፊያ አዘጋጁ፣ ትምባሆ ላይ ታገሉ፣ የሴቶቹንም ምርመራ አስተማሩ። ከ20 ዓመት በላይ የልጃቸውን ስም በየስብሰባው ሲጠሩ ኖሩ። ሐዘንተኛን እኛ ምን እንለዋለን? «በቃ፣ እርሳው» እንላለን። እነዚህን ግን እንደገና ንገሩን እንላቸዋለን። እንደገና፣ ለአዲሱ ብሎክ፣ ለሌላው እድር።

ባለፈው እሁድ ትልቋ ልጅ ከተናገረች በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጫማዋን አውልቃ ጣቶቿን ታሻለች።

«ደከመኝ» አለችኝ።

«መዞሩ ነው?»

«አይ። የሚኒባሱ ጋ ስደርስ ነው።»

ሌላውን እንደ ትምህርት ትናገረዋለች። ዕድሜውን፣ ቫይረሱን፣ ኮምጣጤውን። የኋላ ወንበሩ ጋ ስትደርስ ግን እጆቿ ሳታውቀው ይዘረጋሉ፣ የሆነ ነገር ደግፎ እንደያዘ ሰው። ሴቶቹ ስማቸውን የሚያስጽፉትም ያን ካዩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ደብተሩን የሚጠይቅ የለም። አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ እሱን ነው የማወጣው የማወርደው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መናገር ትችላለች፤ ትናገራለችም፣ ሰው ሰምቶ ይሄዳል። እኔም መናገር እችላለሁ። ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ግን እኔ ያን ወንበር ብናገር የሰው እናት ይዤ መቆሜ አይደለም? ወንበሩን ትቼ ብናገርስ ማን ይነሳል? ተራዬን ስጪኝ ልበላት ይሆን? የእናቷን ስም በጠራች ቁጥር ጥቂት የምታቆያት ከሆነ ያንን መንጠቅ ይሆንብኛል። ወይስ አንድ ሰው «ዛሬ አንቺ አትናገሪ፣ ተቀመጪ» እስኪላት እየጠበቀች ነው?